ስክሪንሾታችሁን «300 ዲፒአይ አድርጉት» ሲሏችሁ

ለመጽሐፍ ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ስክሪንሾት የላከ ሰው ይህን መልስ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ምስሉ 72 ዲፒአይ ነው፣ 300 አድርገህ ላክ።» (ዲፒአይ አንድ ኢንች ላይ ስንት ነጥብ እንደሚደረደር የሚናገር ቁጥር ነው።) ላኪው ፎቶሾፕ ይከፍታል፣ 72ን አጥፍቶ 300 ይጽፋል፣ መልሶ ይልካል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ምስሉ ላይ ግን የተጨመረ አዲስ ዝርዝር የለም። ይባስ ብሎ ደብዝዞም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጋ ሁለት ቁጥሮች ይምታታሉ። አንደኛው የፒክስሎቹ፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ባለቀለም ካሬዎች፣ ብዛት ነው፤ ሪዞሉሽን የምንለው። ስክሪናችሁ 1920 በ1080 ከሆነ ሙሉውን ስታነሱት ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስል ታገኛላችሁ። ያላችሁ እሱ ነው፣ በቃ። ሁለተኛው ጥግግት ነው፣ ያው ዲፒአይ የሚሉት፤ አንድ ኢንች ላይ ስንት ፒክስል ይደርደር የሚለው። ፒክስል ደግሞ በራሱ የኢንች ልክ የለውም። ልክ የሚኖረው ወረቀት ወይም ስክሪን ላይ ሲያርፍ ነው። ያው 1920 ፒክስል 24 ኢንች ሞኒተር ላይ በኢንች 92 ገደማ ይሆናል፣ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ደግሞ 141። ከሁለቱም የሚወጣው ስክሪንሾት እኩል ፒክስል አለው።

ታዲያ ፋይሉ ላይ የሚታየው 72 ወይም 96 ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ የለጠፈው ማስታወሻ ነው። ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ 96 ይጽፋል፣ ማክ 72፣ ሬቲና ስክሪን (ፒክስሎቹ በጣም የተጠጋጉ) ያለው ማክ 144። ከረጢት ላይ የተጻፈውን ኪሎ ብትቀይሩ ውስጡ ያለው እህል አይጨምርም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

ወደ ሥራው እንግባ።

1. ፒክስሉን እዩ። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ። ማክ ላይ ፕሪቪው ውስጥ ኮማንድ እና አይ። ስፋቱንና ቁመቱን ያዙ። ዲፒአይ የሚለውን እለፉት።

2. በወረቀቱ ስፋት አካፍሉ። «300 አድርጉ» ላላችሁ ሰው የሚመለስለት ጥያቄ አንድ ነው፦ ምስሉ የሚታተመው በስንት ሴንቲሜትር ስፋት ነው? 16 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በ2.54 ሲካፈል 6.3 ኢንች ይሆናል። 1920 ለ6.3 ሲካፈል 305። አያችሁ? ያ «96» ተብሎ የተናቀው ምስል ድሮውንም 300 አልፎ ነበር።

ጉዱ የሚመጣው ስትቆርጡ ነው። ከሙሉው ስክሪን አንዲት የሴቲንግ ሳጥን ብቻ ቆርጣችሁ 500 ፒክስል ቀራችሁ እንበል። ያቺን 16 ሴንቲሜትር ላይ ብትለጥጧት በኢንች 79 ፒክስል ብቻ ይደርሳታል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ደረጃ ይታያል። በ5 ሴንቲሜትር ብትታተም ግን 254 ነው፣ ምንም አትልም። ስለዚህ ትንሽ ሳጥን ካላችሁ ገጹ ላይም ትንሽ ቦታ ስጧት። ለምን ሁሉም ምስል የገጹን ስፋት መሙላት እንዳለበት አይገባኝም።

3. ካልበቃ እንደገና አንሱ። ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ብራውዘር ከሆነ ከማንሳታችሁ በፊት ኮንትሮልን ይዛችሁ የመደመር ምልክቱን እየነካችሁ 200 ፐርሰንት አድርሱት። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል በስፋትም በቁመትም እጥፍ፣ በጠቅላላው አራት እጥፍ ፒክስል ያገኛል። ለሌላ ፕሮግራም የዊንዶውስን የዲስፕሌይ ስኬል ከፍ ማድረግ ይቻላል። ስክሪኑ ላይ የሚገባው ነገር ይቀንሳል፣ እሱ እዳው ነው። ጽሑፍና መስመር ጥርት ይላሉ፤ ገጹ ላይ ከመጀመሪያው ትንሽ የነበረ ፎቶ ግን አያተርፍም።

ሬቲና ማክ ይህን በራሱ ይሠራዋል። በማክ የራሱ መለኪያ 800 ነጥብ ስፋት ያለው መስኮት ሲነሳ 1600 ፒክስል ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ቦታ ፔስት ስታደርጉት ዝሆን የሚያክለው ለዚህ ነው።

እንደገና ማንሳት ካልተቻለስ? ፕሮግራሙ ድሮ ተነቅሏል፣ ምስሉ ብቻ ቀርቷል። እንግዲያው በሙሉ ቁጥር አሳድጉት፤ 200 ወይም 300 ፐርሰንት። የማሳደጊያ ዘዴው «ኒረስት ኔበር» ይሁን። 200 ላይ አንዱ ፒክስል ተመሳሳይ አራት ፒክስል ይሆናል፤ አዲስ ዝርዝር አይፈጠርም፣ ጠርዙ ግን አይደበዝዝም። 150 አትሞክሩ፣ አንዱ መስመር ወፍሮ አንዱ ይቀጥናል።

4. ቁጥሩን ራሱን ቀይሩ። ፒክስሉ በቂ መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ ጠያቂውን ለማስደሰት 300 ጻፉለት። ፎቶሾፕ ላይ ኢሜጅ ሳይዝ ውስጥ «ሪሳምፕል» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት መጀመሪያ አጥፉ። ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ካላጠፋችሁት ፕሮግራሙ ከራሱ ግምት ፒክስል እየፈበረከ ይሞላዋል። ካጠፋችሁት 1920 እዚያው ይቆያል፣ የሚለወጠው የህትመት ስፋቱ ብቻ ነው፤ 6.4 ኢንች ይላል። ጊምፕ በሚባለው የምስል ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ስኬል ኢሜጅ» ሳይሆን «ፕሪንት ሳይዝ» ነው።

5. መንገድ ላይ አታበላሹት። የፋይሉ ዓይነት ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ፊደል ዙሪያ ቆሻሻ ይተዋል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። ወርድ ደግሞ ሴቭ ሲደረግ ምስሉን ሳይነግራችሁ ሊያሳንሰው ይችላል። ምስሉን ከማስገባታችሁ በፊት ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ገብታችሁ በፋይሉ ውስጥ ምስል እንዳይጨመቅ የሚለውን ምረጡ። ከተጠራጠራችሁ የዶክኤክስ ፋይሉን ኮፒ አድርጉና የኮፒውን ቅጥያ ወደ ዚፕ ቀይሩት። ሲከፈት «ወርድ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ» አለ። ምስላችሁ እዚያ ነው፤ 1920 መሆኑን እዩት።