ሁለት ላብራቶሪ፣ ሁለት የኮቪድ አንቲቦዲ ውጤት፦ ችግሩ የት ነው?

ይህን የምጽፈው ላብራቶሪ ውስጥ ለምትሠሩ ነው። የናሙና ስም ማመሳከር፣ ኮንትሮል ማስኬድ፣ የኪት ማብቂያ ቀን ማየት የምታውቁት ስለሆነ አልደግመውም።

ምልክት፦ አንዱ ወረቀት ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይላል

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ላብራቶሪ ብዙ ነው። ሰው የአንዱን ውጤት ካላመነ ሁለተኛው ጋ ጎራ ይላል። ከዚያ ሁለቱንም ወረቀት ይዞ እኛ ጋ ይመጣና «የትኛው ነው የተሳሳተው?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ምክንያት፦ ኪቶቹ የሚፈልጉት አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ የሚለኩት በቫይረሱ ውስጥ ባለው የኒውክሊዮካፕሲድ ፕሮቲን ላይ የተሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባጭሩ ኤን እንበለው። ሌሎቹ በቫይረሱ ገጽ ላይ ባለው ስፓይክ ላይ የተሠራውን ይለካሉ። እሱን ኤስ እንበለው። ኮቪድ የያዘው ሰው በአብዛኛው ሁለቱንም ያመርታል። አስትራዜኔካ፣ ፋይዘር ወይም ጆንሰን የተከተበ፣ በሽታው ግን ያልያዘው ሰው የሚያመርተው ኤስን ብቻ ነው።

አንድ የካዛንቺስ ነጋዴ ተናድዶ የመጣው በዚህ ነው። አስትራዜኔካ ሁለት ጊዜ ተከትቧል። አንዱ ቦታ «ኔጋቲቭ» ሲሉት ክትባቱ የተበላሸ መስሎት ደነገጠ። ሌላው ቦታ «ፖዘቲቭ» ሲሉት ደግሞ በሽታው ያለበት መሰለው። የመጀመሪያው ኪት ኤን፣ ሁለተኛው ኤስ ነበር። ክትባቱ ሠርቷል፣ በሽታው ስለመኖሩም ምንም ምልክት የለም። ይህን የነገረው ግን አልነበረም። ወረቀቶቹ ላይ የኪቱ ስም እንኳ አልተጻፈም!

ማሽኑ አንድ መሆኑም አያድንም። የአቦት ኩባንያ የመጀመሪያው የአይጂጂ (አንዱ የአንቲቦዲ ዓይነት) ኪት ኤን ነው፤ አይጂጂ ቱ ኳንት የሚባለው ኤስ ነው። የሮሽ ኩባንያ ኤሌክሲስ ኪትም ሁለት ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤስ የተጨመረበት ስፓይክን ይለካል፣ ያልተጨመረበት ኤንን። ሣጥኑን ሳታነቡ በማሽኑ ስም ብቻ አትፍረዱ።

ሲኖፋርም የተከተበ ሰው ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ክትባቱ የተሠራው ሙሉው ቫይረስ ተገድሎ ስለሆነ ኤንንም ሊያስነሳ ይችላል። እኛ አገር የወሰደው ሰው ጥቂት አይደለም። አንዲት እናት ኤን ፖዘቲቭ ሆነው «ኮቪድ ይዞዎት ነበር» ተብለው፣ ከማን ያዘኝ እያሉ ሲጨነቁ ከርመዋል። ያንን ከዚህ ምርመራ ብቻ መናገር አይቻልም። ደም ከመቅዳታችሁ በፊት የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ ጠይቁ።

ሁለቱም ኪት ኤን ሆነውም ይለያያሉ። ከታመመ ብዙ ወር ያለፈው ሰው በአቦቱ ኤን ፖዘቲቭን ከኔጋቲቭ ከሚለየው መቁረጫ፣ ከ1.4 በታች ሊወርድ ይችላል። የሮሹ ኤን አይጂጂን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ አንቲቦዲ ስለሚለካ ረዘም ላለ ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል።

መፍትሄ፦ ውጤቱ ላይ የኪቱን ስም፣ ኤን ወይም ኤስ መሆኑን፣ መቁረጫውንና መለኪያውን ጻፉ። «ፖዘቲቭ» ብሎ ብቻ ማተም ታካሚውን ጨለማ ውስጥ መተው ነው። ጥያቄው «ይዞኝ ነበር ወይ?» ከሆነ ኤን፣ «ክትባቱ ሠርቷል ወይ?» ከሆነ ኤስ ሥሩ።

ምልክት፦ አንዱ ቦታ 1000፣ ሌላው ቦታ 140

ምክንያት፦ መለኪያው ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዚህ የጋራ መለኪያ አጽድቋል፤ ቢኤዩ ይባላል። የአቦትን የኤስ ቁጥር በ0.142 አባዙት፤ 1000 ወደ 142 ይወርዳል። የሮሹ ኤስ ያለ ማባዛትም ለቢኤዩ በጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ ሰውየው ያጣው አንቲቦዲ የለም።

መፍትሄ፦ ቀይሩና ጻፉ። ከተቀየረ በኋላም ኪቶች ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። አንቲቦዲው እየወረደ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው በዚያው ኪት ይደገምለት።

ምልክት፦ ታካሚው ትኩሳት አለው፣ አንቲቦዲ ግን ኔጋቲቭ ነው

ጊዜው ገና ነው። አንቲቦዲ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ምልክት ከጀመረ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ነው። ቫይረሱን ራሱን ወደሚፈልግ ምርመራ፣ ወደ ፒሲአር ወይም ወደ አንቲጂን ላኩት። በዚህ ሰዓት አንቲቦዲ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው።

ምልክት፦ ራፒዱ (በደቂቃዎች የሚነበበው ኪት) ላይ ደብዛዛ መስመር

ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ታይቶ ይሆናል። መመሪያው ባስቀመጠው ደቂቃ አንብቡ፤ ያለፈውን ጣሉት። የአንዱን ኪት በፈር (ከናሙናው ጋር የሚጨመረውን ፈሳሽ) ለሌላው አታድርጉ። አታድርጉ! መመሪያ የሌለው፣ አምራቹ የማይታወቅ ርካሽ ኪት ከመጣላችሁ ደግሞ መልሱ። በእሱ የወጣን ውጤት ከኢላይዛ (በፕሌት ላይ ተሠርቶ በቀለም ከሚነበበው ምርመራ) ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ምልክት፦ ኢላይዛው በሙሉ ዝቅ አለ፣ ወይም የዳር ዌሎች (የፕሌቱ ጉድጓዶች) ከመሃሉ ይለያሉ

ብርድ ነው። በክረምት ጠዋት ፒያሳ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ክፍሉ ራሱ ፍሪጅ ይሆናል። ሪኤጀንቱን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትጀምሩ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ኢንኩቤሽን ላይ እያለ መብራት ከጠፋና ሙቀቱ ከወረደ ፕሌቱን ድገሙት። በግምት ደቂቃ አትጨምሩ።

ሁሉም ዌል ቀለም ካወጣ ፕሌቱን የሚያጥበውን የዋሸሩን መርፌዎች ፈትሹ፤ ተደፍነው ይሆናል።

አይጂኤም (ሌላው የአንቲቦዲ ዓይነት) ብቻውን ፖዘቲቭ ከሆነና ታካሚው የመገጣጠሚያ ሕመም ካለበት ምርመራውን ያሳሳተው ሩማቶይድ ፋክተር ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ናሙና ወስዳችሁ አይጂጂ ሥሩ።