ቧንቧው ጠብታ ብቻ ሲሰጠኝ ያገኘሁት መላ

ደብረ ማርቆስ፣ እቤቴ፣ ከገብስ ብቅል ቢራ የምጠምቅበትን ዕቃ ራሴ ሠራሁ። ትልቅ አይስ ቦክስ ነው፤ ከግርጌው ቧንቧ፣ ከውስጡ የብረት ወንፊት ገጠምኩለት። 5 ኪሎ ብቅል በ15 ሊትር ሙቅ ውሃ በጠበጥኩ። ሙቀቱ 66 ዲግሪ ነበር። አንድ ሰዓት ከድኜ ተውኩት።

ቧንቧውን ስከፍት ጠብ፣ ጠብ አለና ቀጥ አለ። ባማስለውም ያው ነው።

እናቴ ከድፍድፉ ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ለጠላ የተፈጨ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠላ እንስራ ውስጥ ይሰክናል፤ ዱቄት ቢሆን ግድ የለውም። እዚህ ግን ማጥለያው ወንፊቱ ብቻ አይደለም። የገብሱ ገለባ ራሱ ተነጥፎ ያጠልላል። ገለባው ከደቀቀ ሁሉም ሊጥ ይሆናል።

በሚቀጥለው ጊዜ ወፍጮ ቤት ሄጄ ድንጋዩን አላልተው እንዲፈጩልኝ ለመንኩ። ፍሬው ሦስት አራት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ገለባው ሙሉ ቀረ። ቧንቧውንም በትንሹ ብቻ ከፈትኩ። መጀመሪያ የወረደውን ድፍርስ ሁለት ሊትር ቀስ ብዬ ከላይ መለስኩት። ከዚያ በኋላ እንደ ማር የጠራ ወረደ! ደስታዬን አልችለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከቧንቧው የወረደውን ፈሳሽ ለማፍላት 60 ደቂቃ የሚባለውን እኔ 90 አደርገዋለሁ። አተላውን የጎረቤት ላም ወሰደችው።