በተረፈ ክር ሹራብ እየሠሩ ለሚያነቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅርጫት ውስጥ የተጠራቀመ ትርፍራፊ ክር ለአንባቢ ሰው ይመቻል። ውስብስብ ንድፍ አያስከትልም፤ እጅ ከለመደው ዓይን መጽሐፉ ላይ መቆየት ይችላል። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና መርፌ ሳይነሣ ነው።

ክሩን ሳይለዩ መጀመር። የትርፍ ክር መለያ ወረቀት ሁልጊዜ የጠፋ ነው። ሱፍ፣ ጥጥና አክሪሊክ አንድ ብርድ ልብስ ላይ ከተቀላቀሉ ጉዱ የሚወጣው ሲታጠብ ነው፦ ሱፉ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ይኮማተራል፣ ጥጡ ውሃ ጠጥቶ ይረግባል፣ አክሪሊኩ እንዳለ ይቀራል። ለመለየት 5 ሳንቲ ሜትር ክር ቆርጠው በወረንጦ ይያዙና፣ ውሃ አጠገብዎ አድርገው በብረት ሳህን ላይ ይለኩሱት። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል፤ ሳይቀዘቅዝ አይንኩት።

ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ካለ ደግሞ ቁራጩን ከነጭ ጨርቅ ጋር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያንን ክር ከነጭ ጋር አያጣምሩት።

ቀጭኑን ከወፍራሙ እኩል ማየት። ክሩን ሳይወጥሩ፣ ሳይደራርቡ፣ በማስመሪያ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ ይጠቅልሉ። አንዱ 14 ዙር፣ ሌላው 20 ዙር ከሞላ ቀጭኑን ደርበው ሲሠሩት ከወፍራሙ ይስተካከላል። የተደረበ ክር እጥፍ ይወፍራል የሚል ግምት ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው።

ክሩ ረድፍ መሃል ላይ እንዲያልቅ መተው። ሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት በሆነበት ግልጽ አሠራር፣ ለአንድ ረድፍ የሥራውን ስፋት 4 እጥፍ የሚያህል ክር ቢይዙ አይጎድልብዎትም። ከዚህ ሁሉ ስሌት የሚገላግለው ግን ከጥግ ወደ ጥግ የሚሠራ አራት ማዕዘን ነው። መርፌው ላይ በ3 ቀለበት ይጀምሩ፤ በየረድፉ መጀመሪያ አንድ ይጨምሩ። ያለዎት ክር በሙሉ 50 ግራም ከሆነ፣ በኩሽና ሚዛን 27 ግራም ያህል ሲቀር መጨመሩን ያቁሙና በየረድፉ መጀመሪያ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ እየሠሩ ይቀንሱ። ከግማሹ የምትበልጠው ትንሿ ብልጫ የመጨረሻዎቹን ቀለበቶች ለመዝጊያ ናት። መቁጠር የለም፣ ስለዚህ ንባብም አይቋረጥም።

ጫፎችን ለመጨረሻ ማቆየት። 60 ጊዜ ቀለም ከቀየሩ 120 ጫፍ ይጠብቅዎታል። ስንቱ ብርድ ልብስ በዚህ ምክንያት ሳያልቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀርቷል! በየጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ በየ10 ረድፉ ቆም ብለው በስፌት መርፌ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ መልሰው ወደ ሌላው ይሰውሩት። ቋጠሮ ብቻ ከሆነ በመታጠብ ይፈታል።

መጽሐፉ የማይፈቅደውን ሥራ መያዝ። በቁጥር የሚሄድ ቀዳዳ ያለው ንድፍ ለትረካ ማዳመጫ እንኳ ይከብዳል። ፀጉራም ክር ደግሞ ሲሳሳቱ አይፈታም። ጥቁሩን ክር ለቀን ብርሃን ያቆዩት። የብረት መርፌ ገጽ ሲገልጡ ቀለበቱን ያንሸራትታል፤ እንጨት ወይም ቀርከሃ ይሻላል። ገጹንም ረድፍ ሲጨርሱ ይግለጡ። ልብ የሚሰቅል ምዕራፍ ላይ እጅ ሳይታወቀው ክሩን ያጠብቃል፣ ሥራው እዚያ ቦታ ላይ ወገቡ ይጠባል፤ እንዲህ ያለው ምዕራፍ ላይ መርፌውን ጭን ላይ አሳርፎ ማንበብ ነው።

በምዕራፍ በምዕራፍ ቀለም መቀየርም ያምራል ይባላል፤ ነገር ግን አንዱ ምዕራፍ 3 ገጽ፣ ሌላው 40 ገጽ ሲሆን መስመሩ ይዛነፋል። በየ20 ገጹ ይቀይሩ።