የበረሃ እርሻ መማር ለምትፈልጉ

የደረቅ አገር እርሻ መማር ካሰባችሁ የእስራኤሉን ኔጌቭ በረሃ አስቡት። እዚያው በረሃ ውስጥ ስዴ ቦከር በሚባል ቦታ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የበረሃ ጥናት ትምህርት ቤት አለ። ማስተርሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዕብራይስጥ ባትችሉም አትስጉ።

መጀመሪያ አማካሪ ፈልጉ። ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። የመምህራኑን ጥናት አንብቡና ከሥራቸው ጋር የሚገናኝ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኢሜይል ጻፉ፤ “ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ” ብቻ የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም።

ስታቲስቲክስ ከልሱ። የአፈር ጨዋማነትን ደግሞ በደንብ አጥኑ። ጠብታ መስኖ ውሃውን ሥሩ ድረስ ያደርሳል፣ ግን ጨው በረጠበው አፈር ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ዝናብ በሌለበት ደግሞ የሚያጥበው ስለሌለ አልፎ አልፎ ተጨማሪ ውሃ መልቀቅ ግድ ነው። አገር ቤት አዋሽ ዳርም ጨው መሬት እያበላሸ ስለሆነ ይህ እውቀት በጣም ያስፈልገናል።

እዚያ ስትደርሱ አቭዳት የተባለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ሳታዩ እንዳትመለሱ። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ቦታ የጥንት ገበሬዎች የኮረብታውን ጎርፍ ወደ ማሳ እየመሩ ያርሱ ነበር። የኮንሶን እርከን ለሚያውቅ ሰው ሁለቱን ማወዳደር ግሩም የመመረቂያ ርዕስ ይመስለኛል።