ከድሬና ከሐረር ውድ ዕቃ ስትልኩ ሳይሰበር፣ ሳይጠፋ፣ ኪስም ሳይጎዳ

ቴሌግራም ላይ መሸጡ ቀላል ነው አቦ፣ ጣጣው የሚጀምረው ገዢው «አዲስ አበባ ነኝ፣ ላክልኝ» ያለ ቀን ነው። ከድሬው ታይዋን ገበያ የወጣ ስልክም ይሁን የሐረር ስፌት፣ ዕቃው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ የሚከራከርላችሁ ደረሰኝና ቪዲዮ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ያዙ።

ስልክ ከሆነ *#06# ምቱና የሚወጣውን ቁጥር ቅረጹት፣ ከዛ ቪዲዮውን ሳታቋርጡ ካርቶን ውስጥ ስትከቱት፣ ስታሽጉት፣ የተቀባዩን ስም ስትለጥፉበት ድረስ በአንድ ቀረጻ ይሂድ። የተቆራረጠ ቪዲዮ «ሌላ ዕቃ ነው የላካችሁት» ለሚል ሰው መልስ አይሆንም። የብር ጌጥ ከሆነ ሚዛን ላይ ግራሙ እየታየ ቅረጹ።

ስታሽጉ የስልኩን ወይ የላፕቶፑን የራሱን ካርቶን ከላይ አታሳዩ፣ ምንም ያልተጻፈበት ሌላ ካርቶን ውስጥ ክተቱትና ዙሪያውን በስፖንጅ ወይ በጨርቅ ሙሉት፣ ዘግታችሁ ስትነቀንቁት ድምፅ ካለው ፍቱትና እንደገና። ፕላስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ካርቶኑን ጥረጉት፣ የድሬ አቧራ ላይ ምንም አይያዝም። መጨረሻ ላይ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ ግማሹ ካርቶኑ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ በማርከር ፈርሙ፣ ሰው ከፍቶ መልሶ ቢያሽገው ፊርማው አይገጥምም። የፊርማውን ፎቶ ለገዢው ላኩለት።

ብዙ ሰው ብሩን የሚያቃጥለው ስፌት ላይ ነው። ወደ ውጭ በአየር ኤክስፕረስ ስትልኩ የሚከፈለው በኪሎ ብቻ አይደለም፣ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉና ከሚዛኑ ከበለጠ በሱ ያስከፍሏችኋል። 50 በ50 በ50 የሆነ ካርቶን ውስጡ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሞሰብ ቢኖርም 25 ኪሎ ነው የሚባለው! ጠፍጣፋዎቹን የግድግዳ ስፌቶች ደራርባችሁ 50 በ50 በ15 ካርቶን ውስጥ ካስገባችሁ ግን 7.5 ይሆናል። ትንንሹን ትልቁ ውስጥ ክተቱ፣ ባዶ አየር አትላኩ። በነገራችን ላይ የድሮ ስፌት፣ የድሮ ሳንቲም፣ የእጅ ጽሑፍ የመሳሰለውን በቅርስ አዋጁ 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ አዲስ ስፌት ከሆነ ደግሞ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አብራችሁ ያዙ።

በምን ልላክ? ትንሽና ውድ ከሆነ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በኢኤምኤስ (በፈጣኑ መልእክት) ላኩ፣ መከታተያ ቁጥሩ 13 ፊደልና አኃዝ ነው፣ በE ይጀምርና በET ያልቃል፣ ፎቶ አንሱት። ዋጋውን አሳንሳችሁ አታስመዝግቡ፣ ቢጠፋ ካስመዘገባችሁት በላይ መጠየቅ አትችሉም። ሐረር ያላችሁ በአየር ከፈለጋችሁ በደንገጎ ቁልቁል ድሬ ኤርፖርት መውረዳችሁ አይቀርም። ፓወርባንክና ለብቻው የሚሄድ ባትሪ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን ካርጎ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፣ ጨርቅ ውስጥ መደበቅ አያዋጣም፣ በመኪና ይሂድ።

ትልቅና ርካሽ ነገር በአውቶብስ፣ ግን ቢሮው ደረሰኝ ቆርጦ፣ የመኪናው ታርጋና የተቀባዩ ስም በመታወቂያው እንዳለው ተጽፎበት። መናኸሪያ ላይ ለረዳት በእጅ ሰጥቶ መሄድ ለሽሮ ይሆናል፣ ለላፕቶፕ አይሆንም። ፈጣን ነው ተብሎ ከአወዳይ ለሚነሳ የጫት አይሱዙ መስጠትማ ወላሂ ሰው ከዕቃው ካልተጣላ አያደርገውም።

ብር ገባ አልገባ የምታዩት በራሳችሁ ቴሌብር ወይ ባንክ አፕ ላይ ነው፣ ገዢው የሚልከው ስክሪንሾት በአምስት ደቂቃ ይሠራል። ካላመናችሁ ግማሹን ቀድሞ፣ ግማሹን አዲስ አበባ ያለ የናንተ ሰው ሲያስረክበው ይክፈል፣ ለዚህ ዘመድ ከሌላችሁ ሙሉውን ቀድሞ ያልከፈለ ገዢ ይቅርባችሁ። ገዢውም ሲረከብ ከመፈረሙ በፊት ፊርማችሁን ከፎቶው ጋር ያስተያይ፣ ካልገጠመ እዛው ሳይንቀሳቀስ ይደውልላችሁ፣ ቤቱ ወስዶ ከከፈተው በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ማንም አይሰማውም።