ጋቢው ስንት ኪሎ ነው?

ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ልምምድ ለጀመራችሁ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ላላችሁ። በጠዋቱ ብርድ ታካሚው ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቦ ይመጣል። ከመንዝ ከሆነ በርኖስም አለ። እንደዚያው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ 64.5 ይላል፣ ትመዘግባላችሁ። ድራይ ዌይቱ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ ሳይኖርበት ያለው ኪሎ፣ 62 ነው፤ ስለዚህ 2.5 ሊትር ውሃ ይውጣ። ከዚያ ውስጥ 1.5ቱ ልብስ ቢሆንስ?

ዘዴዋ ቀላል ናት። ጋቢውን ብቻውን መዝናችሁ ካርዱ ላይ ጻፉ። ሚዛኑ ቀላል ዕቃ በደንብ የማያነብ ከሆነ ታቅፋችሁት ውጡና የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። «አባባ፣ ጋቢዎን አንዴ ልያዝልዎ» ማለትም ይበቃል፤ ብቻ ቶሎ መልሱላቸው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሲጨርሱም በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ልብስ።

ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ውሃን በሽንት ያስወጣል። ሲደክም ውሃው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ግድም ነው። ለዚህ ነው በሚዛን የምንሠራው። ማሽኑ ግን ጋቢና ውሃ አይለይም፣ የተባለውን ያወጣል። በ4 ሰዓት ውስጥ ያለ አግባብ 1.5 ሊትር ተጨማሪ ውሃ ሲወጣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ባት ይሸማቀቃል፣ ማዞር ይመጣል።

ክረምት ላይ ዝናብ የመታው ጋቢ ከሆነ የድሮውን ቁጥር አትመኑ፣ እንደገና መዝኑ። እግሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑን ተዉትና መጀመሪያ ነርሷን ወይም ሐኪሙን ጥሩ።