አልነሳ ያለ ጎልደንአይ 007 ካርትሪጅ እንዴት ጸድቶ ለአራት ሰው ይጫወታል

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን የጄምስ ቦንድ ፊልም መሠረት አድርጎ ሬር የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ የሠራው ጎልደንአይ 007፣ በ1997 ለኒንቴንዶ 64 የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን (ኮንሶል) ቀረበ። ጨዋታውን የያዘው ፕላስቲክ ሳጥን፣ ማለትም ካርትሪጁ፣ እጃችሁ ገብቶ ቲቪው ላይ ምንም ካልመጣ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። በውስጡ የሚሽከረከር ዕቃም ሆነ የሚያልቅ ባትሪ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ፒኖቹ፣ ማለትም ከኮንሶሉ ጋር የሚገናኙት የብረት ጫፎች ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ብቻ ነው።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ኮንሶሉን ተመልከቱ። ቀዩ መብራት በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ፣ ኮንሶሉ ላይ ከፊት በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን አንሱ። እዚያ ውስጥ ጃምፐር ፓክ (ከኮንሶሉ ጋር የሚመጣው ቦታ መሙያ) ወይም ኤክስፓንሽን ፓክ (ተጨማሪ ሜሞሪ) ጠበቅ ብሎ መሰካት አለበት፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ካርትሪጁ የቱንም ያህል ቢጸዳ ማሽኑ አይነሳም። ካርትሪጁ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራም አረጋግጡ። የአሜሪካ ካርትሪጅ የአውሮፓ ኮንሶል ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ነገር ግን የመቆለፊያ ቺፖቹ ስለማይግባቡ ጨዋታው አይጀምርም።

ለጽዳቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥና ጌምቢት የሚባለው ልዩ የ3.8 ሚሊሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። 70 በመቶው ውስጥ ውሃ ስለሚበዛ ቶሎ አይደርቅም። ከካርትሪጁ ጀርባ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፍቱ፤ ተራ ካቻቢቴ አይዛቸውም፣ በግድ ከሞከራችሁም የብሎኖቹን ጭንቅላት ታበላሻላችሁ። ሽፋኑ ሲከፈት ሰሌዳው በብረት መከለያ እንደተሸፈነ ይወጣል። የትኛው ፊት ወደ የት እንደነበር ፎቶ አንሱት።

ከታች የተደረደሩት ወርቃማ ፒኖች 50 ናቸው፣ በእያንዳንዱ ጎን 25። ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉትና ከላይ ወደ ታች፣ የፒኑን ርዝመት ተከትላችሁ ጥረጉ። ወደ ጎን ከጠረጋችሁ ቆሻሻው በፒኖቹ መካከል ይሰገሰጋል። የመጀመሪያው ጥጥ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ቀጣዩ ግራጫ፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ላጲስ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ስስ የሆነውን የወርቅ ቅብ ይፍቀዋል። ሁሉም ሲያልቅ 10 ደቂቃ ይድረቅና ግጠሙት።

በአፍ እፍ ማለት ይቅር። እፍ ካሉት በኋላ የሚሠራው ካርትሪጁ ወጥቶ እንደገና ስለተሰካ ነው፤ የትንፋሹ እርጥበት ግን ውሎ አድሮ ፒኑን ያዝጋል።

የኮንሶሉም መሰኪያ ይቆሽሻል። ኮንሶሉን ከመብራት ነቅላችሁ፣ የጸዳውን ካርትሪጅ አምስት ስድስት ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና አውጡ። ማሽኑ በርቶ ሳለ ካርትሪጅ መንቀልም ሆነ ማዘንበል አይገባም፤ ያስቀመጣችሁት ጨዋታ ሊበላሽ ይችላል።

ቢጫውን ገመድ ለምስል፣ ቀዩንና ነጩን ለድምፅ ሰኩ። ቲቪው አዲስ ከሆነ የጌም ሞድ ምርጫውን አብሩ፤ ካልሆነ ተኩሱ ከጣታችሁ ዘግይቶ ይደርሳል። ስታበሩ የጆይስቲኩን ዱላ አትንኩ፤ ማሽኑ መሃሉን የሚለካው ያኔ ነው። ተጫዋቹ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ዱላውን ለቅቃችሁ ኤል፣ አርና ስታርትን አንድ ላይ ተጫኑ።

የዘመኑን ጨዋታ ለለመደ ሰው የመቆጣጠሪያ ስልት 1.2 ይመረጣል፦ ዱላው ያነጣጥራል፣ ቢጫዎቹ የሲ ቁልፎች ያራምዳሉ። በነባሩ 1.1 ግን ዱላው ራሱ ያራምዳልም ያዞራልም፣ ይህ ደግሞ ጀማሪን ያደናግራል።

ለአራት ሰው አራት ጆይስቲክ ሰክታችሁ መልቲፕሌየር ግቡ፤ ስክሪኑ አራት ቦታ ይከፈላል። በአንድ ምት የሚገድለው ላይሰንስ ቱ ኪል የተባለው የጨዋታ ዓይነት ጀማሪንና አዋቂን ይበልጥ ያቀራርባል። ኦድጆብ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ማንም እንዳይመርጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አጭር ስለሆነ ጥይቱ ከጭንቅላቱ በላይ ያልፋል። ፈንጂ ሲበዛ ምስሉ ከተንቀራፈፈ ካርትሪጁን ዳግም አትፍቱት፤ ማሽኑ አራቱን እይታ በአንድ ጊዜ መሳል ከብዶት ነው።